ለባሕር ዳሩ አሰልጣኝ፦ ግማሽ ኳሱን ከመግዛትዎ በፊት

የተከበሩ ወንድሜ፣ ከ12 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው 20 የቴኳንዶ ሰልጣኞች እንዳሉዎትና የእግራቸውን ጉልበት ለማጎልበት ቦሱ የሚባለውን፣ ሲቆሙበት የሚወዛወዝ ግማሽ ኳስ ገዝተው፣ ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ ክብደት) አስይዘው በላዩ ላይ ስኳት (ጉልበት አጥፎ ዝቅ ብሎ መነሣት) ሊያሠሯቸው እንዳሰቡ ጽፈው፣ «ስንት ኳስ ይበቃኛል?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም ከአራት ዓመት በፊት ይህንኑ ራሴን ጠይቄ «6» ብዬ መልሼ ነበር። ዛሬ ቢጠይቁኝ፣ እርስዎ ላሰቡት ሥራ አንድም አያስፈልግዎትም እላለሁ።

ኳሶቹን ከዱባይ የላከልኝ የአጎቴ ልጅ ሲሆን፣ ዕቃው እጄ እስኪገባ 23 ቀን ፈጅቷል። በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የሕክምና መሣሪያ ነው ወይስ የልጆች መጫወቻ?» አለኝ። የስፖርት ዕቃ መሆኑን ባስረዳው፣ ሽበቴን ያላየ ይመስል «ነገ ና» ብሎ ወረቀቱን በመስኮቱ ቀዳዳ ገፋልኝ። ነገ የተባለው ስድስት ጊዜ ተደጋገመ። ይህን የማነሣው፣ እንዲህ ተንከራትተው ያመጡትን ዕቃ «አይጠቅምም» ብሎ ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ እንዲረዱልኝ ነው፤ የዘገየሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

1ኛ፣ ክብደትንና የሚወዛወዝ መቆሚያን አንድ ላይ አያድርጉ። አንደርሰንና ቤህም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በትልቅ ኳስ ላይ ተንጋለው በደረታቸው ሲገፉ ያወጡት ኃይል በጠንካራ አግዳሚ ላይ ካወጡት በ60 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ጡንቻቸው የሠራው ሥራ ግን እምብዛም አልተለየም። ጡንቻው ይደክማል፣ ድካሙ ግን የሚውለው ላለመውደቅ ነው። እኔን ያታለለኝም ይኸው ነበር፤ ልጆቹ ጭናቸው እየተንቀጠቀጠ በላብ ሲጠመቁ እያየሁ ጉልበት እየገነቡ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ጣታቸውን ጠመኔ አስነክቼ ግድግዳ ላይ ሳዘልላቸው፣ አዲሱ ምልክት ከአሮጌው በላይ አንድ ጣት እንኳ ያልሞላ ሆኖ አገኘሁት። ሦስት ወር በዚያ ዕድሜ ያለ ምንም ስፖርት እንኳ ቁመት የሚጨመርበት ጊዜ ነው።

2ኛ፣ በኳሱ ላይ አቁመው ርግጫ አያሠሩ። ዶልዮ ቻጊ (ዳሌን አዙሮ ከጎን የሚመታ ርግጫ) ሲመታ የቆመው እግር በፊት መዳፉ ላይ ተሽከርክሮ ተረከዙ ወደ ዒላማው መዞር እንዳለበት እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጎማው ግን ባዶ እግርን ይይዛል እንጂ እንዲዞር አይለቀውም፤ ዳሌ ሲዞር እግር ከቀረ ጥምዘዛው የሚያርፈው የጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ነው።

3ኛ ብዬ ስለ ድግግሞሽ ብዛት ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን የሆነውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የ14 ዓመት ልጅ፣ በእያንዳንዱ እጁ 5 ኪሎ ዳምቤል ይዞ፣ ውድድር ሊደርስ 11 ቀን ሲቀረው ወለም አለው። የተጎዳው ኳሱ ላይ ቆሞ ሳለ አልነበረም። ስኳቱን በሚያምር ሁኔታ ጨርሶ ሲወርድ፣ እጆቹ በብረት ስለተያዙ የሚደገፍበት አጥቶ የግራ እግሩን በጎኑ አሳረፈው። እኔ ራጅ ይነሣ ስል ቤተሰቡ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት፤ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ስድስት ሳምንት ተቀመጠ። እናቱ በማግስቱ መጥተው፣ ኳሶቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ «ልጄን ለቴኳንዶ ነው ወይስ ለሰርከስ የሰጠሁህ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

አሁን ጉልበት የሚሠራው በሳምንት ሁለት ቀን፣ በጠንካራ ወለል ላይ ብቻ ነው፤ ስኳት፣ አንድ እግር ከፊት አድርጎ መውረድ፣ ፑሽ አፕ፣ ከዚያም አቀማመጣቸው ሲስተካከል ቀስ በቀስ ክብደት። የሚወዛወዘውን አልተውኩትም፤ ቁርጭምጭሚትን ያነቃል፣ በተለይም ከዚህ በፊት ወለም ብሎት ለሚያውቅ ልጅ ደግሞ እንዳይደገምበት ይረዳል። ግን ቦታው ከማሟሟቂያ በኋላ 8 ደቂቃ ነው፤ በባዶ እግር፣ በባዶ እጅ፣ ያለ ዝላይ። ለዚህም የታጠፈ ስፖንጅ ፍራሽ ይበቃል፤ የመኪና ካላማዳሪ ነፍተው በላዩ ጣውላ ቢያስሩም ይሆናል። አንዱ በአንድ እግሩ ሲቆም ሌላው የቴኒስ ኳስ ይወረውርለታል። ሴቶቹ 12 ዓመት፣ ወንዶቹ 14 ዓመት ገደማ ሲሆኑ ቁመታቸው በአንዴ ይመዘዝና ትናንት የሚችሉትን ዛሬ ይስታሉ፤ ስለዚህ ቁመታቸውን በየወሩ እየለካሁ፣ በተመዘዙበት ወቅት ክብደቱን እቀንሳለሁ። ያ ልጅ በቀጣዩ ዓመት በዚሁ ውድድር ብር ወስዷል፤ ሜዳሊያውን ይዘው ያሳዩኝም እናቱ ናቸው።

ስድስቱ ኳሶች መጋዘን ውስጥ ተደርድረዋል፤ አንዱ ተበስቷል። አዲስ አበባ ብቅ ካሉ ለስምንት ደቂቃዋ ሥራ ሁለቱን ያለ ክፍያ ይውሰዱ። ፓምፓቸው ጠፍቶብኛል፣ ሾጣጣ አፍ የተገጠመለት የብስክሌት ፓምፕ ግን ይነፋቸዋል።