የቀስተኞች አምድ፦ ቁመቷ ሲጨምር ነጥቧ ለምን ወረደ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ሰፊ መልስ ይፈልጋል። ብዙ ወላጆችን የሚመለከት ስለሆነ አልቆጠብኩም።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ደጋን ከያዘች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። አምና በ18 ሜትር የአዳራሽ ውድድር ከ600 ነጥብ 512 አምጥታ ነበር። ከዚያ ከ18 ዓመት በታች ያሉት ወደሚወዳደሩበት 60 ሜትር ተሻገረች። በመጀመሪያው ውድድር ከ720 ነጥብ 548 አመጣች። በሁለተኛው 531። ባለፈው ሳምንት ደግሞ 497። በሳምንት አራት ቀን ትለማመዳለች፤ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። አሁን አሁን ቤት ስትገባ ቦርሳዋን አስቀምጣ ዝም ትላለች። የጓደኞቿ ወላጆች «ደጋኑ ቀሎባት ነው፤ ጠንከር ያለ ግዢላት» ይሉኛል። ያላት ደጋን ክሩን ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል 26 ፓውንድ ነው። 34 ልገዛላት አስቤያለሁ። በዚህ ዓመት 6 ሴንቲ ሜትር ስላደገች አቅም አላት ብዬ ነው። ምን ይመክሩኛል?
— የቀስተኛዋ እናት

መልስ፦ ውድ እናት፣ 34ቱን አይግዙ። እባክዎ ገንዘቡን ለጊዜው ይያዙት።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔን የያዘው የነጥቡ መውረድ አይደለም። መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት። ልጅዎ 6 ሴንቲ ሜትር አድጋለች። ጫማዋንና ሱሪዋን እንደቀየሩላት አልጠራጠርም። ደጋኗን ግን እንደገና የለካላት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ልጅ ሲያድግ ክንዱም ይረዝማል። ክንድ ሲረዝም ክሩ የሚሳብበት ርቀት ይጨምራል። 6 ሴንቲ ሜትር ያደገ ልጅ ክሩን በግምት 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ኢንች ያህል፣ አስረዝሞ ይስባል። አንድ ኢንች ትንሽ ይመስላል። ለቀስተኛ ግን ብዙ ነው። ምክንያቱ ክሊከሩ ነው።

ክሊከር እጀታው ላይ የምትታሰር ቀጭን የብረት ምላስ ናት። ቀስቱ ከሥሯ ይገባል። ክሩ እየተሳበ የቀስቱ ጫፍ ከሥሯ ሲወጣ «ቀጭ» ብላ እጀታውን ትመታለች። ቀስተኛው ያቺን ድምፅ ሲሰማ ይለቃል። እያንዳንዱ ቀስት በእኩል ርቀት ተስቦ እንዲወጣ የምታደርገው እሷ ናት።

አሁን ልጅዎን ያስቧት። የክሊከሯ ቦታ የተወሰነው አምና፣ ክንዷ አጭር በነበረ ጊዜ ነው። ዛሬ እጇ አገጯ ሥር ሳይደርስ ክሊከሩ ይጮህባታል። ያለጊዜው እንዳይጮህ ስትል ሰውነቷን ታሳጥራለች። ደጋን የያዘው ክንዷ ክርኑ ላይ ትንሽ ይታጠፋል። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይነሣል። አንገቷ ወደ ክሩ ይሰግጋል። ይህን ሁሉ ሳታውቀው ነው የምታደርገው። በየቀስቱ ደግሞ በተለያየ መጠን ታደርገዋለች። በ18 ሜትር ይህ ስህተት ብዙም ላይታይ ይችላል። በ60 ሜትር ግን ትንሿ ልዩነት ቀስቱን ከኢላማው መሃል፣ ከቢጫው፣ አውጥታ ራቅ ብሎ ያለው ሰማያዊ ቀለበት ላይ ትጥለዋለች። ብዙ በተለማመደች ቁጥር ደግሞ የምትለማመደው መኮራመትን ነው። የነጥቧ መውረድ የስንፍና አይደለም። እንዲያውም ትጋቷ ነው ችግሩን ያጠነከረው።

ግምቴ ልክ መሆኑን በአንድ ከሰዓት በኋላ ማረጋገጥ ይቻላል። ከአሰልጣኟ ጋር ሆነው ይሞክሩት። መጀመሪያ ከሷ ቀስት ረዘም ያለ ቀስት ተዋሱ። ይህን አትዝለሉት፤ አጭር ቀስት ከመቀመጫው ወደ ኋላ ሾልኮ እጇን ሊወጋት ይችላል። ኢላማው 5 ሜትር ላይ ይሁን። እንዳይሠራ ክሊከሩን ወደ ጎን አድርጉት። ልጅዎ ክሩን ትሳብና፣ ቀስቱ ወደ ኢላማው መሆኑ ሲረጋገጥ ዓይኗን ትጨፍን። እጇ አገጯ ሥር ተመቻችቶ ሲቀመጥ አሰልጣኟ ቀስቱ ላይ፣ ከክሊከሩ ቦታ ትይዩ፣ በቀጭን ማርከር ምልክት ያድርጉ። አትለቅም። ዓይኗን ከፍታ ቀስ ብላ ትመልሰዋለች። ይህን አምስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ የራሷን ቀስት ከተዋሱት ጎን አስተኙና ክር የሚገባባቸውን ጫፎች አስተካክሉ። ምልክቶቹ የራሷን ቀስት ጫፍ አልፈው ከተገኙ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው።

መፍትሔው ክሊከሩን ወደ እሷ ማስጠጋት ነው። ቦታ ከሌለው አዲስ፣ ረዘም ያለ ቀስት ያስፈልጋል። ለደጋን ያሰቡትን ገንዘብ እዚህ ላይ ያውሉት። ረጅም ቀስት ሲተኮስ ይበልጥ ስለሚተጣጠፍ ጥንካሬውም አብሮ መመረጥ አለበት፤ ርዝመቱን ብቻ ተናግረው እንዳይገዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። በእንዲህ ያለ ደጋን ላይ ክሩን አንድ ኢንች አስረዝሞ መሳብ የሚጠይቀውን ኃይል ሁለት ፓውንድ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ክሊከሯ ሲስተካከል ልጅዎ ያው ደጋን ከብዶ ይሰማታል። ካልቻለችው አሰልጣኟ የክንፎቹን (ከእጀታው በላይና በታች ያሉትን ተጣጣፊ ክፍሎች) ቦልቶች፣ አምራቹ ካስቀመጠው ገደብ ሳያልፉ፣ ትንሽ ያላሉላት። ጀርባዋ ሲጠነክር ይመልሱታል። ከዚያ በኋላ መጨመር ካስፈለገ ሁለት ሁለት ፓውንድ ነው እንጂ ስምንት በአንድ ጊዜ አይሆንም።

ስለ ስምንቱ ፓውንድ አጥብቄ የምናገረው ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። 17 ዓመቴ ላይ ከአንድ ትልቅ ውድድር በፊት ልክ በዚህ መጠን የከበደ ደጋን ያዝኩ። ለሁለት ሳምንት ቀስቶቼ በፍጥነት ይሄዱ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሬን ለማበጠር እጄን ማንሣት አቃተኝ። ሰባት ወር ደጋን አልነካሁም። ያኔ አጠገቤ ያሉት ሁሉ ለእኔ መልካም የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። ልጅዎ ትከሻዋን ካመማት፣ ቀላልም ቢሆን፣ የዚያን ቀን ልምምድ ይቁም።

የነጥብ ነገርን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። ለአንድ ወር «ስንት አመጣሽ?» አይበሏት። ይልቅ የኢላማውን ወረቀት ይመልከቱ። ሁለት ወረቀት ያስቡ። በአንዱ ላይ ስድስት ቀስቶች ከታች በስተግራ፣ ሰማያዊው ላይ፣ በአንድ መዳፍ ስፋት ተጠጋግተው ተሰክተዋል። ሁሉም 6 ናቸው። ድምሩ 36። በሌላው ላይ 10፣ 9፣ 7፣ 5፣ 3 እና 2 አለ። ድምሩ ያው 36 ነው። የመጀመሪያዋ ቀስተኛ ማነጣጠሪያዋን ቀስቶቹ ወደሄዱበት ወደ ታችና ወደ ግራ ብታንቀሳቅስ ቀጣዩ ዙሯ ቢጫ ውስጥ ነው። ሁለተኛዋ ገና ብዙ ሥራ ይቀራታል። ክሊከሯ ከተስተካከለ በኋላ የልጅዎ ነጥብ ለጥቂት ሳምንት ባለበት ሊቆይ ይችላል። ቀስቶቿ ግን እየተሰበሰቡ ይመጣሉ። ያንን ፎቶ እያነሣች ቀን ጽፋ ታስቀምጥ። ዝም ብላ ለምትገባ ልጅ እያደገች መሆኗን በዓይኗ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። ማነጣጠሪያዬ ቢጫው ላይ ሲደርስ ጣቴ ራሱ ይከፈታል። ክሊከሩ ገና አልጮኸም፣ እኔ ግን ለቅቄያለሁ። ወረቀት ያልተለጠፈበት ባዶ የሳር ኢላማ ላይ ስወረውር ችግር የለም። ወረቀቱ ሲለጠፍ ይመጣል። አሰልጣኜ «ትኩረት አድርግ» ይለኛል። አደርጋለሁ፣ ይብስብኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ውስጥ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ባዶ ሳር ላይ ችግር የለም ብለሃል። እጅህ ጤነኛ ነው፤ ስልትህም አልጠፋህም ማለት ነው። አእምሮህ ቢጫውን ማየትና መልቀቅን አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል። ስፌቱን መፍታት ነው ያለብህ። ይህ ነገር ብዙ ጎበዝ ቀስተኞችን ያጋጠመ ነው፤ አታፍርበት። ትኩረት መጨመር የማይረዳህ፣ ትኩረትህ ሁሉ ቢጫው ላይ ስለሆነ ነው።

ለሁለት ሳምንት ወረቀቱን አንሣው። 5 ሜትር ላይ ቆመህ ሳሩ ላይ ብቻ ወርውር። ጀርባህ ሲሠራ ይሰማህ፤ የክሊከሩን ድምፅ ጠብቅ። ከዚያ ወረቀቱ ይመለስ፤ አሁንም በ5 ሜትር። እዚህ ላይ ነው ዋናው ሥራ። ሳብ፣ ማነጣጠሪያውን ቢጫው ላይ አድርግ፣ ክሊከሩ ይጩህ፣ አትልቀቅ። ቀስ ብለህ መልስ። እንዲህ ሦስት ጊዜ መልሰህ በአራተኛው ልቀቅ። መጀመሪያ ላይ ጣቶችህ ይንቀጠቀጣሉ። አንዳንዴም ያመልጥሃል። ስለዚህ ቀስቱ ሁልጊዜ ክሩ ላይ ይኑር፤ ደጋኑም ወደ ሳሩ ይሁን። ክሩን ያለ ቀስት መልቀቅ የደጋኑን ክንፎች ሊሰብር ይችላል።

ማምለጡ ሲቆም ወደ 10 ሜትር፣ ከዚያ ወደ 18 ተመለስ። እዚያ ላይ እንደገና ከጀመረህ ወደ 5 ውረድ። ሳምንታት ይወስዳል። በመሃል ውድድር ካለ ተወው። አሰልጣኝህም ይህን መልስ ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። ልጁ ትኩረት አልጎደለውም።

ጥያቄ፦ በመጪው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ለአንድ እጋጠማለሁ። እስካሁን የወረወርኩት ለድምር ነጥብ ብቻ ነው። የደረሰችኝ ልጅ ከእኔ በጣም ትበልጣለች። አንድ መጥፎ ቀስት ከወጣኝ እዚያው እንደማልቅ ይሰማኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ የአንድ ለአንዱ ሕግ ለአንቺ የተሻለ ነው። በድምሩ ውድድር 72 ቀስት ትወረውሪያለሽ፤ የጠፋው ነጥብ እስከ መጨረሻ ይከተልሻል። በግጥሚያው ግን እያንዳንዱ ዙር ሦስት ቀስት ብቻ ነው። ዙሩን ያሸነፈች 2 ነጥብ ታገኛለች፤ እኩል ከሆናችሁ አንድ አንድ ትካፈላላችሁ። ቀድማ 6 የደረሰች አለፈች። አንድ ቀስት ቢበላሽ የሚጎዳው ያን ዙር ነው። ዙሩን በ1 ነጥብም ሆነ በ14 ብትሸነፊ ዋጋው እኩል ነው። በሚቀጥለው ዙር ሁለታችሁም ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የቻዱ እስራኤል ማዳዬ የደረሰው ከኮሪያው ኪም ዉጂን ጋር ነበር። ኪም በዚያው ኦሊምፒክ ሦስት ወርቅ የወሰደ ሰው ነው። ማዳዬ በሁለተኛው ዙር አንዷ ቀስት ነጩ ላይ አርፋ 1 ነጥብ ብቻ አገኘች፤ የዙሩ ድምር 15 ሆነ። ዓለም ሁሉ ያቺን አንድ ነጥብ አየ። እኔ ለተማሪዎቼ የማሳያቸው ቀጥሎ የመጣውን ነው። በሦስተኛው ዙር 25 አመጣ። ግጥሚያውን 6 ለ 0 ተሸንፏል፤ ግን ከ1 ነጥብ በኋላ በዚያ መድረክ ላይ 25 መወርወር ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኪምም ቢሆን ፍጻሜው ላይ ከአሜሪካው ብሬዲ ኤሊሰን ጋር 5 ለ 5 ሆነ። በመለያዋ ቀስት ሁለቱም 10 መቱ። ኪም ያሸነፈው ለመሃሉ በ4.9 ሚሊ ሜትር ስለቀረበ ነው።

እስከዚያው ልምምድሽን በሰዓት አድርጊው። ተራ በተራ በሚወረወርበት ግጥሚያ ለአንድ ቀስት የሚሰጠው 20 ሴኮንድ ነው። ስልክሽ ላይ ቁጠሪና ጓደኛሽን አጠገብሽ አቁሚ። ሦስት ቀስት፣ ዕረፍት፣ ሦስት ቀስት። ከሦስቱ አንዷን ሆን ብለሽ መልሻት፤ ሳትለቂ ደጋኑን አውርጂ፣ ተንፍሺ፣ በቀረው ሰዓት እንደገና ሳቢ። መጀመሪያ ላይ ሰዓቱ ያልቅብሻል። ከአሥር ቀን በኋላ ምን ያህል ሴኮንድ እንደሚተርፍሽ ጻፊልኝ።