የዴልሂ ዝናብ ብርድ የለውም

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ልጅዎ በሐምሌ መጨረሻ ለትምህርት ሕንድ አገር፣ ዴልሂ እንደሚገባ፣ «እዚያም ክረምት ነው» ስላሉዎት ምን ያህል ወፍራም ልብስ እንደሚይዙለት ጠይቀዋል። አራት ዓመት እዚያው ተምሬአለሁና የማውቀውን ልንገርዎ። ለሐምሌ አንድም ሹራብ አያስፈልገውም።

እኛ ክረምት ስንል ዝናቡም ብርዱም አንድ ላይ ነው የሚመጣብን። ዴልሂ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ሞንሱን የሚሉት ዝናብ በግንቦት መጨረሻ ገደማ በደቡብ ሕንድ በኩል ኬራላ በሚባለው ክልል ይገባና ሰኔ 20 አካባቢ ዴልሂ ይደርሳል፤ መስከረም አጋማሽ ላይ ይወጣል። ጊዜው ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፣ ዴልሂ 216 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዶፍ ወርዶ ሲያባራ እንኳ ሙቀቱ 34 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። አየሩ እርጥበት ስለጠገበ ላብ አይደርቅም፤ ያጠቡት ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶ እርጥብ ሽታ ይዞ ይገባል። ስስ የጥጥ ልብስ፣ ቢያንስ ስድስት ካናቴራ፣ ውኃ የማይጎዳው ክፍት ጫማ ይያዙለት። ጃንጥላ እዚያው ይገዛል።

ክፍል ሲከራይ የመጨረሻውን ፎቅ እንዳይወስድ አደራ ይበሉት። እኔ ኪራዩ ስለቀነሰልኝ ወሰድኩት። ግንቦት ላይ ሙቀቱ 44 ሲደርስ ጣሪያው ሌሊቱንም ሙቀት ይተፋ ነበር። የውኃው ታንከር ጣሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ቀትር ላይ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ገላ ያቃጥላል፤ ለመታጠብ ሌሊት በባልዲ ቀድቼ አስቀምጥ ነበር። ኩለር የሚሉት ማቀዝቀዣም አለ፤ ጎኑ በደረቅ ሣር የተሞላ የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ሣሩን ውኃ ያርሰዋል፣ ማራገቢያው ነፋሱን በዚያ ውስጥ ይስበዋል። ሉ የሚባለው ደረቅ የበረሃ ነፋስ በሚነፍስበት በግንቦት ግሩም ይሠራል። ዝናቡ ሲገባ ግን ውኃው መትነን ያቅተዋል፤ አንሶላውን ከማርጠብ በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ «ኩለር አለው» ሲሉት ለሐምሌ እንደማይሆን ይወቅ።

ብርዱ የሚመጣው በታኅሣሥና በጥር ነው፣ ያለ ክረምት ዝናብ። ሌሊት ሙቀቱ እስከ 5 ዲግሪ ይወርዳል፣ ጉሙ ባቡርና አውሮፕላን በሰዓታት ያዘገያል። ብዙው ቤት ማሞቂያ የለውም፤ ወለሉ እብነ በረድ ስለሆነ ቅዝቃዜው ከእግር ይጀምራል። ጋቢውን ያኔ ይፈልገዋል፣ ይስጡት። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ይንገሩት፤ ለቡና ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ መስኮትና በር እንዳይዘጋ። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ ጭሱ ባይታይም ያፍናል።

ከልብሱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የጥቅምት መጨረሻና የኅዳር አየር ነው። በዴልሂ አቅራቢያ ባሉት ፑንጃብና ሃርያና ክልሎች ያሉ ገበሬዎች የሩዝ ገለባ ያቃጥላሉ፣ ዲዋሊ የሚሉት የሂንዱዎች የብርሃን በዓል ርችት ይጨመራል፣ የመኪናውና የፋብሪካው ጭስ አለ። በዚያ ላይ ነፋሱ ጸጥ ይላል፣ ቀዝቃዛው አየር ጭሱን መሬት ላይ ይዞት ይቀራል። የአየር ብክለቱ መለኪያ ከ400 በላይ የወጣባቸውን ቀናት አይቻለሁ፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ያለቅሳል። አብሮኝ የሚኖር አስም ያለበት ልጅ በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት አድሯል።

በደቡብ ሕንድ ስላሉት ስለ ባንጋሎርና ስለ ቼናይ ከተሞችም ጠይቀዋል። ባንጋሎር 900 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ለእኛ ሰው በጣም ትስማማለች። ቼናይ ባሕር ዳር ናት፣ ሙቀቷ ከባድ ነው፤ ዋናው ዝናቧም የሚመጣው አብዛኛው የሕንድ ክፍል ሲያባራ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በጎርፍ ተጥለቀለቀች፣ በ2019 ደግሞ የውኃ ግድቦቿ ደረቁ።

ልጅዎ አስም ወይም የሳይነስ ሕመም ካለበትና መምረጥ ገና የሚቻል ከሆነ፣ ባንጋሎርን ይምረጥ። ዴልሂ ከቆረጠለት ግን የሚተነፍስበትን መድኃኒትና የሐኪም ማዘዣውን በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ ከኅዳር በፊትም እዚያ ሐኪም ይታይ።