ስለ ሕዝብ ሽንት ቤትና ስለ እጃችን፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ሕዝብ ሽንት ቤት ጀርም ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የተደጋገሙትን መለስኩ።

ጥ፦ መናኸሪያ ሽንት ቤት ስገባ መቀመጫው ይቀፈኛል። በሽታ ቢይዘኝስ?

መ፦ አብሽሪ። ቁስል የሌለው ቆዳ ባክቴሪያን በቀላሉ አያስገባም። ከመቀመጫ የአባላዘር በሽታ ያዘኝ የሚለው ወሬም ውሃ አያነሳም። እኔን የሚያሳስበኝ የበሩ መወርወሪያ፣ የቧንቧው መክፈቻና የጆጉ እጀታ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ተጸዳድቶ ገና ሳይታጠብ የሚነካው እነሱን ነው። እዚያ ላይ ኢ ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ አለ፣ ሺጌላም ሊኖር ይችላል። ሺጌላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ነው፤ ለማሳመም ከ10 እስከ 100 የሚሆን ባክቴሪያ ይበቃዋል። ዓይንሽ አያየውም፣ እጅሽም አይታወቀውም።

ጥ፦ በግራዬ እጸዳለሁ፣ በቀኜ እበላለሁ። ቀኜን ለምን ልታጠብ?

መ፦ ወንድሜ፣ ጆጉን በየትኛው ያዝከው? በሩንስ? ካንተ በፊት የገባውም እንዲሁ ነው የያዘው። ከዚያ ወጥተህ በዚያው ቀኝህ እንጀራ ትቆርሳለህ፣ ታጎርሳለህ፣ ጫት ከሆነም ቅጠሉን አንድ በአንድ ወደ አፍህ ትልካለህ። ሁለቱንም ታጠብ።

ጥ፦ የደሴ ውሃ ጠዋት ያንቀጠቅጣል። በቀዝቃዛ መታጠብ ዋጋ አለው?

መ፦ አለው። ሥራውን የሚሠሩት ሳሙናውና ማሸቱ ናቸው፤ ሙቀቱ ለምቾት ነው። 20 ሰከንድ እሹ፤ አውራ ጣትና ጥፍር ሥር ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ብርዱንም ማሳበብ አትችሉም።

ጥ፦ ሳኒታይዘርስ?

መ፦ አልኮሉ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ቆሻሻ ወይም ቅባት ያለበት እጅ ላይ ግን ብዙም አይሠራም፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስንም በደንብ አይገድልም።

ጥ፦ ኮምቦልቻ ምግብ ቤት አለኝ። ሽንት ቤቱን በምን ላጽዳ? ሳሙናውንም እየወሰዱብኝ ተቸገርኩ።

መ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይጠብ፤ ቆሻሻ ባለበት በረኪና ይደክማል። ከዚያ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 20 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው መወርወሪያውንና ቧንቧውን ያስጠርጉ። በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ። ከአሲድ ጋር በፍጹም እንዳይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጨርቁም ይለይ፤ መቀመጫ የጠረገው ቧንቧ ከጠረገ ጀርሙን ማዞር ነው። ሳሙናውን ካልሲ ውስጥ ከተው ቧንቧው ላይ ይሰሩት። ብዙ ሰው ነካው ብለው አይስጉ፣ በውሃ ሲታጠቡ አብሮ ይሄዳል።

ጥ፦ ታጥቤ በሱሪዬ ባደርቅስ?

መ፦ እርጥብ እጅ ከደረቀው ይልቅ ጀርም ይቀበላልም ይሰጣልም፣ ስለዚህ ማድረቁ ጥሩ ነው። ሶፍት ካለ በሶፍት፣ ከሌለ አራግፈህ በአየር። ሱሪው ባይመከርም ሰው ሁሉ ሲጠርግበት ከሚውለው የካፌ ፎጣ ሳይሻል አይቀርም።