የጀልባ ማቆሚያው የሁሉም፣ መዶሻው የሦስት ሰው

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ውሃ ዳር ነው። የእንጨት ጀልባ ማቆሚያና ትንሽ መናፈሻ በጋራ አለን፤ የምንጠግነው በበጎ ፈቃድ ነው። ግን ሁሌ የምንመጣው እኛው ሦስታችን ነን። ሌላው ጀልባውን አስሮ ይሄዳል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ «ቅዳሜ ኑና እናጽዳ» ብሎ መጥራት ሰው አያመጣም፤ የማንም ስም አልተጠራማ። ሥራውን ቆራርጡና በስም ስጡ፤ አንዱ ብሎን ያጥብቅ፣ አንዷ መናፈሻውን ትያዝ፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ ሂሳብ ይያዝ። ገንዘብ ብቻ ልስጥ የሚል ካለ ተቀበሉት፣ አታኩርፉ።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ቶሎ የሚበሰብሰው አንዴ እየረጠበ አንዴ እየደረቀ የሚውለው ከውሃው ከፍ ያለው ክፍል ነው፤ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለው በቂ አየር ስለማያገኝ ይሻላል (ጨዋማ ውሃ ከሆነ እንጨት የሚበሉ ፍጥረታት አሉ፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው)። በሹል ነገር ወጋ አድርጋችሁ እዩት። በቀላሉ ከገባ ይቀየር። ተራ ሚስማር ዝጎ ያልቃል፣ የማይዝግ ግዙ።

ማቆሚያው ላይ የመብራት መስመር ካለ ግን በጎ ፈቃደኛ አይነካካው። ወደ ውሃ የሾለከ ኤሌክትሪክ ዋናተኛ ይገድላል። እሱን ለባለሙያ ክፈሉ።