ሞገዱ ድንበር ይሻገራል፤ ፈቃዱስ?

ጥያቄ፦ የአማተር ሬዲዮ (ለትርፍ ሳይሆን ለግል ፍላጎት በሬዲዮ የመገናኘት) ፈቃድ አለኝ። የዚህ ሙያ ወዳጅነት ዓለም አቀፍ ከሆነ፣ መሣሪያዬን ይዤ ሌላ አገር ብሄድ በዚያው ፈቃድ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ከአገርዎ ሆነው ከውጭ ጣቢያ ጋር መነጋገር፣ ከሁለቱ አገሮች አንዱ መቃወሙን በይፋ ካላስታወቀ በቀር፣ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25 የተፈቀደ ነው። በሰው አገር ምድር ላይ ሆኖ ማስተላለፍ ግን የዚያን አገር ፈቃድ ይጠይቃል፤ በጎ ፈቃድ (ቃሉ ቢመሳሰልም) ፈቃድን አይተካም። ብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች በስምምነት አንዳቸው የሌላውን ፈቃድ ስለሚቀበሉ፣ ለምሳሌ ፈረንሳይ የገባ እንግዳ ከራሱ የጥሪ ምልክት (ጣቢያው ከሚታወቅበት የፊደልና የቁጥር መለያ) በፊት «ኤፍ» የሚለውን ፊደል ያስቀድማል። የተፈቀደውንም ሞገድ አስቀድመው ያጣሩ፤ 7,250 ኪሎኸርዝ በአሜሪካ አህጉራት የአማተሮች ሲሆን፣ በአፍሪካና በአውሮፓ የሥርጭት ጣቢያዎች ድርሻ ነው።