ጥያቄና መልስ፦ ኪቦርድ ተጫዋቹ የት ሄደ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ መድረክ ላይ ስለሌለ ሰው ናቸው። እንደተለመደው ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ ስድቡን አውጥቼ አቅርቤያቸዋለሁ።

ተታልያለሁ ወይስ አብዝቼዋለሁ?

ሜሪላንድ የሚኖሩ አንባቢ በወጣትነታቸው በካሴት ሲሰሙት ያደጉትን የሮክ ባንድ ለማየት ከባለቤታቸው ጋር ይሄዳሉ። ዘፋኙ አለ፣ ጊታሪስቱ አለ፣ ድራመሩ አለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ የለም፤ ኪቦርዱም የለም። የኦርጋኑ ድምፅ ግን ከድምፅ ማጉያው እንደ ልቡ ይወጣል። ከፊታቸው የተቀመጡ ጎልማሶች «የታለ?» እያሉ መጮህ ያዙ። ከኋላ ያሉት ደግሞ «ዝም በሉ፣ እንስማበት!» አሉ። ባለቤታቸው ምንም የጎደለ ነገር አልታያቸውም። እሳቸው ግን ቤት እስኪደርሱ ሲብሰለሰሉ ሄዱ። ሰው ታመመም ተጣላም ባንዱ መጫወት አለበት፤ ታዲያ እኔን ምን አናደደኝ ነው ጥያቄያቸው።

መናደድዎ ትክክል ነው፤ የተናደዱበትን ምክንያት ብቻ እናስተካክለው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ስላልመጣ አልተታለሉም። ሰው ይታመማል፣ ያረጃል፣ ከጓደኞቹ ጋር በገንዘብ ይጣላል፣ ይሞታል። የተታለሉት ሰውየው በሌለበት ድምፁ ያለ ምንም ማስታወቂያ ሲቀርብልዎት ነው።

ኪቦርድ በሮክ ባንድ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ጎልቶ አይታይም። ጊታሩ ሲያርፍ ክፍተቱን ይይዛል፤ ዘፋኙ ከፍ ሲል ከሥር ይደግፈዋል፤ በቤዙና በጊታሩ መካከል ያለውን ሜዳ ይሞላል። አድማጭ ይህን ልብ የሚለው ሲጠፋ ነው። ያኔም «ዛሬ ድምፁ ሳሳ» ይላል እንጂ የጎደለውን ለይቶ አይጠራውም። ባለቤትዎ ምንም ያልታያቸው ድምፁ ስላልሳሳ ነው።

የጠፋው ሌላ ነገር ነው። የተቀዳ ድምፅ ከኮምፒውተር ሲለቀቅ ድራመሩ በጆሮ ማዳመጫው በሚገባለት የሰዓት ምት ታስሮ ይመታል። ሕዝቡ አዝማቹን ተቀብሎ ሲዘፍን ዘፋኙ «አንድ ጊዜ እንድገመው» ቢል በአብዛኛው አይሆንለትም፤ የተቀዳው ድምፅ አይጠብቀውማ። ጊታሪስቱ ደስ ብሎት ሶሎውን ሊያስረዝም ቢፈልግ ኦርጋኑ ጥሎት ይሄዳል። አንድ ሰው ቀረ ተብሎ የቀሩት ሁሉ ታሰሩ ማለት ነው። ያለ ኦርጋን ሳስቶ የሚሰማ ባንድ ከዚህ ይሻለኛል። ጊታሪስቱ ክፍተቱን ለመሙላት ሲታገል ቢያንስ የሚታይ ነገር አለ።

ሌላ መንገድ እንዳለ ማወቅ ከፈለጉ የአሜሪካዊውን ሮክ ዘፋኝ የብሩስ ስፕሪንግስቲንን ኢ ስትሪት ባንድ ይመልከቱ። የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ዳኒ ፌደሪቺ ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ታምሞ እ.ኤ.አ. በ2007 መገባደጃ ላይ ከኮንሰርት ጉዞው ወጣ። ቻርልስ ጆርዳኖ ተተካ፤ ሕዝቡም ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተተካ ተነገረው። ፌደሪቺ በኤፕሪል 17 ቀን 2008 በ58 ዓመቱ አረፈ። ባንዱ ሁለት ዝግጅቶችን አዘግይቶ በዚያው ወር በ22 ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ከተማ መድረክ ላይ ወጣ። ዝግጅቱ በመታሰቢያ ፊልም ተከፈተ። ከዚያ የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀመር መብራቱ የተተከለው ማንም ባልተቀመጠበት የፌደሪቺ ኦርጋን ላይ ነበር። ልብ ይበሉ፣ ተተኪው እዚያው አለ፤ ክፍሉን አሳምሮ ያውቀዋል። ግን ለአንድ ዘፈን ያህል ጉድለቱ እንዲሰማ ፈቀዱ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ «ኦርጋን ጎደለብኝ» የሚል አድናቂ ያለ አይመስለኝም።

እርስዎ ያዩት ባንድ ይህን ሁሉ እንዲያደርግ አልጠብቅም። ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ይዞ «ወንድማችን ዛሬ አልመጣም፤ የምትሰሙት የተቀዳ ነው» ቢል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

የቲኬቱን ገንዘብ ስለማስመለስ ላነሱት፦ ቲኬቱ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ካልገባዎት ጠበቃ ያማክሩ።

ኪቦርድ ስንት ቁልፍ አለው?

ፒያኖ 88፣ ብዙዎቹ ኪቦርዶች 61። ይህን ለመጠየቅ ሁለት ገጽ አያስፈልግም ነበር።

የወንድማማቾች ክርክር

ሁለት ወንድማማቾች ስለ እንግሊዙ ሮክ ባንድ ስለ ዲፕ ፐርፕልና ስለ ቀድሞ ኦርጋን ተጫዋቹ ስለ ጆን ሎርድ ዳኝነት ጠይቀውኛል። ታላቅየው «ጆን ሎርድ ከወጣ በኋላ ዲፕ ፐርፕል የሚባል ባንድ የለም» ይላል። ታናሽየው የሎርድን ተተኪ ዶን ኤሪን የሚያውቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሆነ ወንድሙ ምን እንደሚያወራ አይገባውም።

የታላቅየውን ሐዘን እረዳለሁ። ሎርድ ሐሞንድ ኦርጋኑን በጊታር ማጉያ፣ በማርሻል፣ እያስጮኸ ከጊታሩ ጋር እኩል እንዲያገሳ ያደረገ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲሄድ ባንዱ ከሁለት ጊታሪስቶች አንዱን እንዳጣ ይቆጠራል። ነገር ግን አካሄዱን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሎርድ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ ኤሪ ተክቶት ተጫወተ። በ2002 ሎርድ ተመልሶ ከአድናቂዎቹ ጋር በመድረክ ተሰናበተና ቦታውን ለኤሪ ለቀቀ። ኤሪም ከመንገድ የተነሣ ሰው አልነበረም። ከዲፕ ፐርፕል የወጣው ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞር በመሠረተው ሬይንቦ ውስጥ ተጫውቷል። ሎርድ በ2012 ሲያርፍ ተተኪው አሥር ዓመት ያህል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚህ የተሻለ ርክክብ በሮክ ዓለም ብዙ አላየሁም።

ደግሞስ ታላቅዬ፣ ባንዱ ሲመሠረት የነበረ ሰው ሁሉ ካልተገኘ አልቀበልም ካልህ፣ ከ1968ቱ አባላት የቀረልህ ድራመሩ ኢያን ፔስ ብቻ ነው። ብቻውን ድራም ሲመታ ለመስማት ቲኬት ትቆርጣለህ? ፍርዱ ለታናሽየው ነው።

«ኤሪ ለምን ያንን ትልቅ ኦርጋን ይሸከማል፣ ትንሽ ኪቦርድ ያንኑ ድምፅ ያወጣ የለም ወይ?» ለምትለዋ ተቀጥላ ጥያቄ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ የቀረበው ሐሞንድ ኦርጋን ድምፁን የሚፈጥረው በሆዱ ውስጥ በሚሽከረከሩ ጥርሳም የብረት ጎማዎች ነው። በታወቀው ቢ ስሪ ሞዴል ውስጥ 91 ናቸው፤ እያንዳንዱ ጎማ ማግኔት አጠገብ ይዞራል። ለማስነሣትም ሁለት ማብሪያ አለው። መጀመሪያ አንደኛውን ጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ መያዝ፣ ጎማዎቹ ፍጥነት ሲይዙ ሁለተኛውን መክፈት ነው። ከነመቀመጫውና ከነእግር መርገጫው ወደ ሁለት መቶ ኪሎ ይጠጋል። ከዚያ ድምፁ ሌስሊ ወደሚባለው፣ የድምፅ ቀንዱ ራሱ ወደሚሽከረከር ሳጥን ይገባል። የዛሬ ኪቦርዶች ይህንን ሁሉ ጥሩ አድርገው ይቀዳሉ፤ ከመቀመጫዎ ሆነው ላይለዩት ይችላሉ። ተጫዋቹ ግን ይለየዋል፤ ጣቱ ሥር የሚሰማው ነገር ይለወጣልና።

ዶርስ ቤዝ ተጫዋች አልነበራቸውም?

መድረክ ላይ አልነበራቸውም፤ ለቀረጻ ግን ቤዝ ተጫዋች ያስመጡ ነበር። ሬይ ማንዛሬክ በግራ እጁ ለቤዝ ብቻ በተሠራ ትንሽ የፌንደር ኪቦርድ ቤዙን፣ በቀኝ እጁ ኦርጋኑን ይጫወት ነበር። እሱ ቢቀር ኦርጋኑም ቤዙም አብረው ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 አምስተርዳም ውስጥ ዘፋኙ ጂም ሞሪሰን ራሱን ስቶ መድረክ ላይ መውጣት ሲያቅተው ደግሞ ማንዛሬክ ዘፈኑንም ደርቦ ይዞት ዝግጅቱ ቀጥሏል። ያለ ዘፋኝ የተወጡትን ምሽት ያለ ኪቦርድ ተጫዋች ይወጡት እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ለምን ሁልጊዜ ኪቦርድ ተጫዋቹ ይባረራል?

ሁልጊዜ አይደለም፤ ድራመሮችም ብዙ የሚያለቅሱበት ነገር አላቸው። ግን ምሬትዎ ከመሬት አልተነሣም። ኢያን ስቱዋርት ከሮሊንግ ስቶንስ መሥራቾች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የባንዱ ሥራ አስኪያጅ ስድስት ሰው በዛ፣ የስቱዋርትም መልክ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም ብሎ ከአባልነት አወጣው። እሱም አኩርፎ አልሄደም፤ ዕቃ እያጓጓዘ፣ ሲፈለግም ፒያኖ እየተጫወተ እስኪሞት አብሯቸው ኖረ።

የፒንክ ፍሎይዱ ሪቻርድ ራይት ነገር ደግሞ ያስቃል። በ1979 ከአባልነት እንዲወጣ ተገደደ፤ ለተከታዮቹ ኮንሰርቶች ግን በደመወዝ ተቀጠረ። ግዙፍ ግንብ መድረክ ላይ እየገነቡ የሚያፈርሱባቸው እነዚያ ዝግጅቶች ከሰሩ። ኪሳራውን ሦስቱ ባለቤቶች ተካፈሉት፤ ትርፍ ይዞ ወደ ቤቱ የገባው የተባረረው ሰው ብቻ ሆነ።

ጣቶቼ ይደነዝዛሉ

ሆቴል ውስጥ ማታ ማታ የሚጫወት ወጣት ነው። የቀኝ እጁ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት ሕመሙ ከእንቅልፉ ያነቃዋል። ጓደኞቹ በሞቀ የጨው ውኃ ንከረው ብለውታል። ሐኪም ጋር ያልሄደው «ዕረፍት ውሰድ ካለኝ ባንዱ ያለ እኔ መጫወት ይለምዳል» ብሎ ፈርቶ ነው።

ወንድሜ፣ እኔ የሙዚቃ ጸሐፊ ነኝ፤ እጅህን ግን በዚህ ሳምንት ለሐኪም አሳይ። የምትለው ምልክት የእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ሲጨፈለቅ ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል፤ መሆን አለመሆኑን የሚለየው የመረመረህ ሐኪም ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ አንጓን በመደገፊያ በማሰርና በዕረፍት ይሻሻላል። ችላ ከተባለ ግን የአውራ ጣት ጡንቻ እየሰለለ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ነው ባንዱ በእውነት ያለ አንተ የሚለምደው። ጨዉን ለወጥ ተወው። የነርቭ ወይም የአጥንት ስፔሻሊስት ጋር ቢልኩህም እሺ ብለህ ሂድ። የኪቦርድህን መቆሚያ ከፍታም ፈትሽ፤ ስትጫወት አንጓህ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መታጠፍ የለበትም። ደግሞም ጆን ሎርድ ጉልበቱን ሊታከም ሄዶ ወንበሩ ጠብቆታል። ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ፤ ካልሄድህ ግን አትጻፍልኝ።

የእኛስ ባንዶች?

ከዋሽንግተን የጻፉ አንባቢ «የፈረንጅ ባንድ ብቻ ነው እንዴ ኪቦርድ ተጫዋቹ የሚጠፋበት?» ብለው ቆጣ ብለዋል። እርስዎ እዚያ ከተማ እየኖሩ ይህን መጠየቅዎ ገርሞኛል።

ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት የተጫወተ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን እንግዳውን እስከ ንጋት ይዞ ያደረ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር አሜሪካ ሄደ። ጉዞው ሲያበቃ ገሚሱ ወደ አገር ቤት ተመለሰ፤ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነበር። የአዲስ አበባ አድማጭ ያንን የኦርጋን ድምፅ ከዚያ በኋላ ያገኘው በካሴትና በሸክላ ነው። ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ኪቦርዶችን ራሱ ደራርቦ አንድ ካሴት ቀዳ፤ ከዚያ ታክሲ መንዳት ያዘ። በደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከሻንጣ ማስቀመጫው አውጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ወደ መድረክ ጠራው። ምናልባት እርስዎንም አድርሶዎት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ እኛ ዘንድ የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሲንተሳይዘር ሲስፋፋ ኪቦርዱ ሳክስፎኑን ዋጠ፣ ትራምፔቱን ዋጠ፣ ድራሙን ሳይቀር ዋጠና አንድ ሰው ብቻውን ባንድ ሆነ። እዚያ «ኪቦርድ ተጫዋቹ የታለ?» ተብሎ ይጮኻል፤ እኛ ግን «ሌሎቹስ የታሉ?» ብለን የጮኽንበትን ኮንሰርት አላስታውስም። ዋጋው ረከሰልን፣ ዝም አልን።

ለልጄ ሠርግ ባንድ ልቅጠር ወይስ አንድ ሰው ከነኪቦርዱ?

በጀትዎን ሳይነግሩኝ ምን ልበል? አንድ ሰው ከሆነ የሚቀጥሩት፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሌላ ሠርግ ላይ ሲጫወት ሄደው ይዩት። ሁለት እጁን አንሥቶ ሲያጨበጭብ ዘፈኑ ካላቆመ ዋጋ ያስቀንሱ።