ስለ ሠዓሊዎች የተጻፉ ምሁራዊ መጻሕፍት ለከበዱሽ፦ ከክርክሩ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ስለ ሥነ ጥበብ ታሪክና ስለ ዘመናዊ ሠዓሊዎች ጠለቅ ያለ ነገር ማንበብ ትፈልጊያለሽ። ምሁራን የጻፉትን ስትከፍቺ ግን ሃያ ገጽ ሳትዘልቂ እንቅልፍ ይወስድሻል። ከየትኛው ልጀምር፣ እንዴትስ ላንብብ፣ መጻሕፍቱስ ዋጋቸው ለምን ይወደዳል ነው ያልሽው። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች አብዛኞቹ ወፍራም የጠቅላላ ታሪክ መጽሐፍ ጠቁመውሻል። እኔ እዚያ ላይ አልስማማም።

የሙያው ሰው አይደለሁም፤ ሥዕልም አልሥልም። ግን እነዚህን መጻሕፍት ስገዛ፣ ስዋስና ሳነብ ዓመታት አልፈዋል። ከጓደኞቼ ጋርም እየተሰበሰብን እናነባለን። እዚያ የታዘብኩትን ልንገርሽ። ከዋሻ ሥዕል ተነስቶ እስከ ዛሬ የሚዘልቀውን መጽሐፍ የጀመረ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ መካከለኛው ዘመን ላይ ሲደርስ ይጥለዋል። ሁለት ምሁራን በአንድ ሥዕል ሲከራከሩ ያነበበ ሰው ግን ሦስተኛውን ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ምሁራዊ መጽሐፍ እኮ መልስ ነው። ቀድሞ የተባለን ነገር ለማፍረስ ወይም ለማረም ነው የሚጻፈው። ማን ምን እንዳለ ሳታውቂ ስትከፍቺው፣ የሰው ስልክ ንግግር በአንድ ወገን ብቻ እንደ መስማት ነው። እንቅልፍ ቢወስድሽ አይፈረድብሽም።

ምሳሌ ልስጥሽ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግ በ1886 ያረጁ ጫማዎች ሥሏል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር ስለ ሥነ ጥበብ ምንነት በጻፈው ድርሰት የቫን ጎግን ጫማ አነሳ። የአንዲት ገበሬ ሴት ጫማ ነው አለ። ከዚያ ተነስቶ ስለ አፈሩ፣ ስለ ድካሟ፣ ስለ እርሻው ብዙ ተቀኘ። እውነትም ያምራል። ችግሩ ቫን ጎግ ጫማ የሣለው አንዴ ብቻ አይደለም። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ማይየር ሻፒሮ ለሃይደገር ደብዳቤ ጽፎ የትኛውን ሥዕል ማለቱ እንደሆነ ጠየቀው። ሃይደገርም በ1930 አምስተርዳም ውስጥ በዐውደ ርእይ ያየውን መሆኑን መለሰለት። ሻፒሮ በዚያ መረጃ ሥዕሉን ለየ። ከዚያም በ1968 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ሠዓሊው ያኔ የከተማ ነዋሪ እንደነበረ አስረድቶ፣ ጫማው የራሱ የቫን ጎግ ነው ሲል ደመደመ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣክ ደሪዳ መጣና ሁለቱንም ወረፋቸው። ለመሆኑ ጫማዎቹ ጥንድ መሆናቸውን በምን አወቃችሁ አላቸው!

የሻፒሮ ጽሑፍ ጥቂት ገጽ ነው። ግን ሙያው ምን እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል። ፈላስፋው ስለ «ጫማ» ያስባል። የታሪክ ምሁሩ የትኛው ሸራ፣ መቼ የተሣለ፣ ማን የት አየው ብሎ ይጠይቃል። እኔ ይህን ክርክር ካነበብኩ በኋላ ማንኛውንም የሥነ ጥበብ መጽሐፍ የማነብበት መንገድ ተቀየረ።

ከዘመናዊው ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰድሽና ሌላ ጠብ ላሳይሽ። ሠዓሊው ያን ቫን አይክ በ1434 የሣለው የአርኖልፊኒ ሥዕል ለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ውስጥ አለ። ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት ሰዎች፣ ቡችላ፣ በቀን የምትነድ አንዲት ሻማ፣ ከኋላ መስተዋት። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ኤርዊን ፓኖፍስኪ በ1934 ሥዕሉ እንደ ጋብቻ ውል ምስክር ሆኖ የተሣለ ነው ብሎ ጻፈ። ሻማዋም፣ ውሻውም፣ የወለቀው ጫማም ምሥጢራዊ ትርጉም አላቸው አለ። ትውልድ ሁሉ ይህንን ተቀበለ። በ1990ዎቹ ግን መዛግብት የሚያገላብጡ ሰዎች አንድ ሰነድ አገኙ። በሥዕሉ ላይ አሉ የተባሉት ጥንዶች የተጋቡት በ1447 ነው። ሥዕሉ ከተሣለ 13 ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ ቫን አይክም ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። የጋለሪው ተመራማሪ ሎርን ካምቤልም በ1998 ባወጣው ካታሎግ፣ ሥዕሉ ሠርግ ሳይሆን ምስለ ሰብእ (የሰዎቹን መልክ የሚያሳይ ሥዕል) ብቻ ነው አለ። ታዲያ ፓኖፍስኪን አናንብበው? ኧረ በፍጹም! ዕቃ ሁሉ ትርጉም ሊኖረው ይችላል ብሎ መመልከትን ያስተማረን እሱ ነው። ስትጨርሺ ግን የሌላውንም አንብቢ።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ዓይነት ልምጣ። አንድ ዓይነት ስላልሆኑ አንድ ዓይነት ንባብም አይፈልጉም። ጠቅላላ ታሪክ ማመሳከሪያ ነው፤ የጎደለሽን ምዕራፍ ብቻ አይተሽ መዝጋት ትችያለሽ። የሕይወት ታሪክ ቀላል ንባብ ነው፤ ግን ይሸውዳል። ጆን ሪቻርድሰን ስለ ፒካሶ የጻፈውን ተመልከቺ። አራት ቅጽ ነው፤ የመጀመሪያው በ1991 ወጣ፣ የመጨረሻው ደራሲው ከሞተ በኋላ በ2021። ቀለሙ ይጥማል፤ ደራሲው ሠዓሊውን በቅርብ ያውቀው ነበርና ሐሜቱም አይጠገብም። ሆኖም ታሪኩ 1943 ላይ ይቆማል፤ ፒካሶ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ደግሞ እያንዳንዱን ሥዕል በወቅቱ ከነበረችው ሴት ጋር ማያያዝ ያበዛል። ለእኔ ይህ አካሄድ ሥዕሉን ከማየት ያዘናጋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ዓይነት ካታሎግ ሬዞኔ የሚባለው ነው። የአንድን ሠዓሊ ሥራዎች በሙሉ በቁጥር የሚመዘግብ ነው። መጠኑን፣ ዓመቱን፣ ከማን ወደ ማን እንደተሻገረ፣ የት እንደታየ ይጽፋል። ክርስቲያን ዜርቮስ የጀመረው የፒካሶ ካታሎግ ከ1932 እስከ 1978 ድረስ በ33 ቅጽ ወጥቷል። ከ16,000 በላይ ሥራዎች አሉበት። ማንም ቁጭ ብሎ አያነበውም። ግን አንድ ሠዓሊ በአንድ ወር ውስጥ ምን ምን እንደሞከረ ማየት ከፈለግሽ ከዚህ የተሻለ የለም።

እነዚህ ካታሎጎች ሥልጣናቸው ከባድ ነው፤ እዚያ ውስጥ የገባ ሥዕል ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ ጠቡም የገንዘብ ጠብ ይሆናል። ደ ላ ፋይ የተባለው ሆላንዳዊ በ1928 የቫን ጎግን ካታሎግ ሲያሳትም፣ ኦቶ ቫከር የሚባል የበርሊን ነጋዴ የሸጣቸው ሠላሳ ገደማ ሥዕሎች አብረው ገቡ። ነጋዴው ከአንድ ስሙ እንዲገለጽ ከማይፈልግ ሩሲያዊ ገዛኋቸው ይል ነበር። ሁሉም ሐሰተኛ ነበሩ። ደ ላ ፋይ ራሱ ወዲያው ተጠራጠረና በ1930 ስለ ሐሰተኛ ቫን ጎጎች ሌላ መጽሐፍ አወጣ። ነጋዴው በ1932 ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን ደ ላ ፋይ ጥቂቶቹን እንደገና እውነተኛ ናቸው አለ። እስቲ አስቢው! የሊቁ ቃል እንዲህ ሲወዛወዝ ማየት ጤናማ ጥርጣሬ ያስተምራል። እስከ ዛሬ ከቫን ጎግ ሥዕሎች ስም አጠገብ የምታዪው በ«ኤፍ» የሚጀምር ቁጥር ከዚሁ ሰውዬ ካታሎግ የመጣ ነው።

ቫን ጎግን ካነሳን አይቀር፣ ደብዳቤዎቹን ከሁሉም በፊት አስቀድሚያቸው። በ2009 ስድስት ቅጽ ሆነው፣ ከምሁራን ማብራሪያ ጋር ታትመዋል። ሙሉው ነገር ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። 902 ደብዳቤዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ እሱ የጻፋቸው፣ ጥቂቶቹ ለእሱ የተጻፉ። ስለየትኛው ሥዕል እንደሚያወራ ከጎኑ ምስሉን ያሳዩሻል። ከማንኛውም ልብ ወለድ መሰል የሕይወት ታሪክ ይበልጣል።

የዐውደ ርእይ ካታሎግ ደግሞ ስሙ ያታልላል። የጎብኚ ማስታወሻ ይመስላል፤ ብዙ አዲስ ጥናት ግን መጀመሪያ የሚወጣው እዚያ ነው። ስትይዢው ያሳተመው ማን እንደሆነ እይ። ሙዚየም ከሆነ አንድ ነገር ነው። የሠዓሊውን ሥራ የሚሸጥ ጋለሪ ከሆነ ግን ነቀፋ አትጠብቂ። ስለ ዘመናዊ ሠዓሊዎች የተጻፉ መጻሕፍት ዋጋቸው ለምን ይወደዳል ላልሽውም አንዱ ምክንያት የምስል መብት ክፍያ ነው። በብዙ አገሮች መብቱ ሠዓሊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ፒካሶ የሞተው በ1973 ነው፤ አስዪው።

የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክ ራሱ ትልቅ ጠብ ነው። ይህን ካወቅሽ ግማሹ መጻሕፍት ይከፈቱልሻል። አልፍሬድ ባር የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነበር። በ1936 ስለ ኪዩቢዝም (ነገሮችን ወደ ጂኦሜትሪ ቅርጾች ሰባብሮ የሚሥል ስልት) እና ስለ ረቂቅ ሥነ ጥበብ (የሚታወቅ ነገር የማያሳይ) ባዘጋጀው ካታሎግ ሽፋን ላይ አንድ ሥዕላዊ ሠንጠረዥ አወጣ። ቀስቶቹ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሴዛንና ቫን ጎግ ከላይ፣ ረቂቅ ሥነ ጥበብ ከታች። ሁሉም ነገር ወደ ረቂቅነት የሚጓዝ ይመስላል። ሃያሲው ክሌመንት ግሪንበርግ በኋላ ይህን መንገድ ወደ ጥግ ወሰደው። ዘመናዊ ሥዕል ራሱን እያጠራ ወደ ሸራው ጠፍጣፋነት ሄደ አለ። የ1960 ጽሑፉ አጭርና ግልጽ ነው። ባትስማሚም አንብቢው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የሚያንኳኳው እሱን ነውና።

ማን አንኳኳው? የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ሊንዳ ኖክሊን በ1971 ታላላቅ ሴት ሠዓሊዎች ለምን የሉም ብላ ጠየቀች። መልሷ የተደበቁ ሊቃውንት ቆፍሮ ማውጣት አልነበረም። ተቋማቱን መረመረች። ለዘመናት ለትልቅ ሥዕል መሠረት የነበረው እርቃን ሞዴል እያዩ መሣል ነው፤ ሴቶች ደግሞ ከዚያ ክፍል ተከልክለው ነበር። ሌላው ምሁር ቲ. ጄ. ክላርክ በ1985 ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ማኔን ከፓሪስ እንደገና መገንባትና ከመደብ ጉዳይ ጋር አያይዞ ጻፈ። ክላርክ ይከብዳል፤ አልዋሽሽም። አንዳንድ አንቀጹን ሁለቴ ሳላነብ አላልፍም። ግን ድካምሽን ይክሳል። የሂልማ አፍ ክሊንት ጉዳይ ደግሞ የባርን ቀስት ራሱን ያጣምመዋል። ይህች ስዊድናዊት ረቂቅ ሥዕል የጀመረችው በ1906 ነው። በ1944 ስትሞት ሥራዎቿ ለሃያ ዓመት እንዳይታዩ አዛ ነበር። ሰፊው ሕዝብ ያወቃት ግን በ2018 ጉገንሃይም ሙዚየም ሥራዎቿን ሲያሳይ ነው። ሩሲያዊውን ሠዓሊ ካንዲንስኪን የረቂቅ ሥዕል አባት ብለው የጻፉ መጻሕፍት አሁን ማስታወሻ መጨመር ግድ ሆኖባቸዋል። ለዚህ ነው የመጽሐፉን የኅትመት ዓመት ቀድመሽ እይ የምልሽ።

በባር ሠንጠረዥ ላይ ሌላም ነገር አለ። የአፍሪካ ቅርጻ ቅርጽ በቀይ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ግን መነሻ ሆኖ ብቻ፣ ሠዓሊም ቀራፂም ሳይጠራ። አፍሪካውያን ዘመናዊ ሠዓሊዎችን በስማቸው ማጥናት ሌላ ሥራ ጠየቀ። ቺካ ኦኬኬ-አጉሉ በ2015 ስለ ናይጄሪያ፣ ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ በ2019 ስለ ኢትዮጵያ ያሳተሟቸው መጻሕፍት ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለቱንም ከባር በኋላ እንጂ ከባር በፊት አታንብቢያቸው። ምን እንደሚሞግቱ ያኔ ይገባሻል።

ስለ አነባበቡ ብዙ አልልም። የመግቢያውን መጨረሻ ቀድመሽ አንብቢ፤ የደራሲው መከራከሪያ እዚያ ነው። የግርጌ ማስታወሻ አትዝለይ፤ ስድቡ ያለው እዚያ ነው። ምስሉን ከሙዚየሙ ድረ ገጽ በትልቁ ከፍተሽ ከጎንሽ አድርጊ። የምታነቢው ሰው አለ የሚለው ነገር ሥዕሉ ላይ ከሌለ፣ ከመጽሐፉ ይልቅ ዓይንሽን እመኚ። ደግሞ አንዳንዱ ምሁር በቃ መጻፍ አይችልም። ካልገባሽ ጥፋቱ ሁልጊዜ ያንቺ አይደለም። ግልጽ አጻጻፍ ማየት ከፈለግሽ የማይክል ባክሳንዳልን የ1972 መጽሐፍ ፈልጊ። ስለ 15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ነው፤ ቀጭን ናት። ደንበኞች ከሠዓሊዎች ጋር በተዋዋሉበት ወረቀት ላይ ወርቁና ሰማያዊው ቀለም እንዴት እንደተጠቀሰ እያሳየ፣ ገንዘብ ሥዕልን እንዴት እንደሚቀርፅ ይነግርሻል።

ከየትኛው ልጀምር ለሚለው፣ ዘመናዊውን ስለምትወጂ የፒካሶን «የአቪኞን ሴቶች» ያዢ። በ1907 የተሣለ፣ ቁመቱ 244 ሴንቲሜትር የሚጠጋ፣ አምስት የሴተኛ አዳሪ ቤት ሴቶችን የሚያሳይ ሸራ ነው፤ የሁለቱ ፊት የአፍሪካ ጭምብል ይመስላል። መጀመሪያ ባር ስለ እሱ የጻፈውን አንብቢ። ለረጅም ጊዜ ሥዕሉ የኪዩቢዝም በር ከፋች ተብሎ ነው የተነበበው። ቀጥለሽ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩን የሊዮ ስታይንበርግን የ1972 ድርሰት። እሱ የመነሻ ንድፎቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። መርከበኛና የሕክምና ተማሪ እንደነበሩባቸው አይቶ፣ ጉዳዩ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ሴቶቹ ተመልካቹን የሚያፈጡበት የወሲብ ፍጥጫ ነው አለ። ከዚያ በ1984 ያው የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የአፍሪካና የኦሺኒያ ጭምብሎችን ከዘመናዊ ሥራዎች ጎን አድርጎ ባሳየ ጊዜ የተነሳውን ውግዘት። ጭምብሎቹ ለምን ዓላማ እንደተሠሩ ችላ ተብሏል ነበር ክሱ።

ገንዘብ አታውጪ ገና። ሙዚየሙ ከ1929 ጀምሮ ያሳያቸውን ዐውደ ርእዮች መዝገብ በ2016 ድረ ገጹ ላይ ለቋል፤ የድሮ ካታሎጎቹ ስካን ተደርገው አሉ፣ የ1936ቱም አብሮ። ሜትሮፖሊታን ሙዚየምና ጌቲም ከገበያ የወጡ መጻሕፍታቸውን በነጻ ያስነብባሉ። ስታይንበርግን ስትጨርሺ እዚሁ ጻፊልኝ፤ እኔ ከእሱ ጋር የማልስማማበት ቦታ አለ፣ አንቺ ምን እንደምትዪ ማወቅ እፈልጋለሁ።